ለሙከራ እስከ ዲላ

አዋሳ፣ የካቲት ፲፩ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

በቶሪኖ ከተማ ለምትኖረው ለልጄ ለፍቅሬ ኃይለሚካኤል፤

ሰላምታዬ የሐይቃችንን ዳር ለቅቆ፣ በረሃውንና ያንን ሰፊ ባሕር ተሻግሮ በደኅና ይድረስህ። አባት ለልጁ ሲጽፍ አስቀድሞ ጤና መጠየቅ የአባቶቻችን ሥርዓት ነውና፣ እንደምን ሰንብተሃል ብዬ እጠይቅሃለሁ፤ የእኔን ጤና ግን በላክሃቸው መልእክቶች ሁሉ አንድም ጊዜ ጠይቀህ ስለማታውቅ፣ ባልነግርህ የሚጎድልብህ የለምና እዘልለዋለሁ። ይህ ወረቀት በፖስታ ቤት በኩል አይመጣም። የመኪናውን ዕቃ ከአንተ ተቀብለው ያመጡልኝ ጣሊያናዊው መሐንዲስ እዚህ የነበራቸውን ሥራ ጨርሰው ወደ አገራቸው ስለሚመለሱ፣ በኪሳቸው ይዘውልህ ይመጣሉ፤ ስለዚህም ነገሩን ሳልሸፍን፣ እንደ ሆነው አድርጌ ልጽፍልህ እችላለሁ።

የላክኸው ዕቃ በኅዳር ወር እጄ ገብቷል። መካኒኮቹ ቺንጋ የሚሉት፣ እኔ ግን የሞተር መቀነት ብለው የሚሻለኝ፣ በውስጥ ወገኑ እንደ መጋዝ ጥርስ ያበቀለ ጥቁር የላስቲክ ጠፍር ነው። አብሮት የመጣውን ትእዛዝህንም አንብቤአለሁ። ቺንጋው እንዲቀየር፤ ሞተሩ ለተከፈተ መኪና ጋራዡ የሚጽፈው፣ የትራፊክ ጽሕፈት ቤቱም ማኅተም የሚያሳርፍበት የሙከራ ወረቀት እንዲወጣ፤ ያም ወረቀት መኪናይቱን ለአንድ ቀን እስከ ዲላ ስለሚያስኬዳት፣ ሚስትህን ታቢታንና አንተ ዐይተሃት የማታውቃትን ልጅህን ብርቅዬን ከኋላ አስቀምጬ ኬላውን እንዳልፍ፤ ከዲላ ወዲያ ላለው መንገድ የቡና ነጋዴው ሙክታር ፈቃድ ይዞ እንዲጠብቀንና እስከ ሞያሌ እንዲያደርሰን አዘዝኸኝ። ብርቅዬ ደረቷ ደካማ ስለሆነ በጭነት መኪና አቧራ ውስጥ ልትጓዝ እንደማትችል፣ ከዚህች መኪና በቀር ሌላ መንገድ እንደሌላት ከሥሩ አስምረህ ጽፈህ ነበር። በዚህ አልተሳሳትህም፤ ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነው። ከሁሉ በኋላ ደግሞ፣ ድንበሩን በእግር ስለሚሻገሩ፣ መኪናዋን በሚመለከት እንዲህ አልህ፦ «እዚያው ጣሏት፤ ብረት ናት።»

ብረት።

ያችን ፊያት በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ይዣት ስመጣ፣ አንተና ወንድምህ ሙሴ እስከ ሻሸመኔ ድረስ ወጥታችሁ ተቀብላችሁኛል። በተዘዋዋሪ ችሎት ዳኝነቴ ከይርጋለም ነገሌ፣ ከነገሌ ያቤሎ ስመላለስ በእሷ የሄድሁት መንገድ ሁለት መቶ ሺህ ኪሎሜትር አልፏል፤ ይህን ያህል የተጓዘች መኪና ግን መቀመጫዋ ሳይቀደድ፣ በሯ ሳይንኳኳ፣ ዘይቷ ጠቁሮ ሳይገኝ እስከ ዛሬ መኖሯ፣ እኔ ለማን እንደምሳሳና ለምን እንደምሳሳ የሚናገር ነገር ነው። መንግሥት ትርፍ ቤቶቼን ሲወርስ እሷን የተወልኝ ራርቶልኝ እንዳይመስልህ። መለዋወጫዋ በአገሩ እንደሌለ፣ ቺንጋዋም ዕድሜውን እንደ ጨረሰና ቢበጠስ ሞተሩን ይዞ እንደሚሞት ካድሬዎቹ ስለሰሙ ነው።

በዚያ በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ካድሬዎቹ የመጡት አንተን ሊይዙ ነበር። አንተ በጓሮ አጥሩን ዘለልህ፤ ነፍሰ ጡር ሚስትህን እንኳ ለመሰናበት ጊዜ አልነበረህም። ሙሴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስር ነበርና፣ «ወንድም ከወንድም ምን ይለየዋል» ብለው እሱን ወሰዱት። ሬሳው ከታቦር ተራራ ግርጌ መጣሉን ባለ ጋሪው ኩማ መጥቶ ሲነግረኝ፣ ለቅሶ የተከለከለ፣ ቃሬዛ የተከለከለ፣ ጎረቤትም በሩን ዘግቶ የማያይ የሚመስልበት ቀን ነበረና፣ ልጄን በኋላ ወንበሯ ላይ አጋድሜ፣ ቁመቱ ከወንበሩ ስለተረፈ ጉልበቱን በገዛ እጄ አጥፌ ወደ ቤቱ የመለስሁት በእሷ ነው። የቃሬዛውን አንድ ወገን የሚይዝ ወንድም አልነበረም፤ እሷ ግን ነበረች።

ስለ ቺንጋው ልመለስ። ዕቃው ከደረሰ በኋላ በአልጋዬ ሥር አኖርሁት። ታቢታ በየሳምንቱ ከጸሎት ቤቷ ስትመለስ በሬ ላይ ቆማ፣ «አባባ፣ ዕቃው አልመጣም?» ትለኛለች። «አልመጣም» እላታለሁ። «እግዚአብሔር ያመጣዋል» ብላ ምሳዬን ልታቀርብ ትሄዳለች። ለስድስት ዓመት በእጇ የበላሁ፣ በእጇም የታጠብሁ ስለሆንሁ፣ የሲዳማ ልጅነቷንና የጸሎት ቤቷን በልቤ እንደማልወድ ብታውቅም አንድ ቀን እንኳ ወጤን አጉድላብኝ አታውቅም። በታኅሣሥ ወር አጎቷ ሞቶ ብርቅዬን ይዛ ወደ ቱላ ለልቅሶ በሄደች ጊዜ፣ ቺንጋውን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ፣ መኪናዋን በዝግታ እየነዳሁ አዲስ ከተማ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ ገብረየስ ጋራዥ አደረስኋት።

ገብረየስን ታውቀዋለህ፤ አፉ ከእጁ የሚቀድም ሰው ነው።

«ክቡር ዳኛ፣ ዛሬ ችሎቱ የእኔ ነው» አለኝ ኮፈኑን እየከፈተ። «ተከሳሽ አጠገብ አርፈው ይቀመጡ።»

«ችሎት የሚያውክ ዳኛ ዐይቼ አላውቅም፤ ሥራህን ሥራ» አልሁት።

ራዲያተሩን አወጣ፤ ማራገቢያውን ፈታ፤ የፊት ክዳኑን ሲያነሣው አሮጌው ቺንጋ ተገለጠ። ቆርጦ በጣቶቹ መካከል ገልብጦ ሲያጥፈው፣ በየጥርሱ ሥር የተሰነጣጠቀው እንደ ደረቀ ጭቃ አፉን ከፈተ።

«ይሄ እንኳን ለዲላ ለቱላም አያደርስም ነበር። እስከ ዛሬ በቤንዚን ነው ወይስ በጸሎት የነዷት?»

ቀጥሎ ያደረገውን ባታየውም እንድታውቀው እወዳለሁ፤ የላክኸው ዕቃ በሚገባው ክብር ተገጥሟልና። ከታች ባለው መዘውርና ከላይ ባሉት በሁለቱ መዘውሮች ላይ የተቀረጹትን ምልክቶች በጨርቅ ጠርጎ በነጭ ቀለም አደመቃቸው፤ ሦስቱም በየቦታቸው ፊት ለፊት እስኪቆሙ ድረስ ትንፋሹን ይዞ አስተካከላቸው፤ አዲሱንም ቺንጋ ጥርስ በጥርስ አልብሶ መወጠሪያውን አጠበቀ። አንዲት ጥርስ ብትዛነፍ፣ ቫልቩ ገና ከቦታው ሳይመለስ ፒስቶኑ ሽቅብ መጥቶ ይመታዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚተርፍ ሞተር የለም። ስለዚህ ገብረየስ ቁልፍ ሳያዞር፣ በመፍቻ ብቻ፣ ሞተሩን በእጁ ሁለት ዙር አሽከረከረው፤ የሚጋጭ ነገር አልነበረም። ከዚያም እንድነሣ ፈቀደልኝና ቁልፉን አዞርሁ። ፍቅሬ ሆይ፣ ድምፅዋ የማሕሌት ድምፅ ነበረ።

ወረቀቱን ጽፎ ሲሰጠኝ፣ «ታዲያ ሰው ጫን አድርገው ይሞክሯት እንጂ» አለኝ። «ባዶዋንማ የወንዶን ዳገት ማን አይወጣውም? ምራትዎንና ልጅቷን ይዘው ዲላ አናናስ ይብሉ።»

«ብቻዬን ነው የምሄደው» አልሁት።

«ጓድ ዳኛ፣ ያን ያህል ወንበር ለማን ነው ታዲያ?» አለና ሳቀ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

በማግሥቱ ማለዳ ጉዞ ጀመርሁ። የቱላን መንገድ ይዤ፣ የብስክሌቱንና የጋሪውን ግርግር አልፌ፣ በእንሰትና በቡና መካከል ወደሚያሽቆለቁለውና ወደሚያሻቅበው ቀይ ጎዳና ስገባ፣ ሞተሯ ዳገቱን እንደ ሜዳ እየቆጠረች፣ አንድም ጊዜ ሳትንገጫገጭ ወጣችው። በዲላ ኬላ የቆመው ወታደር ወረቀቱን ገልብጦ እንኳ አላነበበም፤ ማኅተሙን ዐይቶ በመስኮት አጮለቀና፣ «አባቴ፣ ብቻዎን ነዎት?» አለኝ። «ብቻዬን ነኝ» አልሁት። «መልካም መንገድ» ብሎ ገመዱን አወረደ። የኋላውን በር አልከፈተም፤ ከኋላ ማንም ተቀምጦ ቢሆን እንኳ የሚጠይቅ አይመስልም ነበር። ይህን የምጽፍልህ እውነቱን ታውቀው ዘንድ ነው።

ሙክታር መኪናዋን ከሩቅ ለይቷት ኖሮ፣ ከመጋዘኑ ደጃፍ «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» እያለ ሮጠ። ለእኔ ሰላምታ ሳይሰጥ አጎንብሶ በኋላ መስኮት ተመለከተ፤ ዞሮም በሌላው መስኮት ተመለከተ።

«ጋሽ ኃይለሚካኤል፣ የት አሉ?»

«እነማን?»

«ኧረ በአላህ አይቀልዱብኝ። ልጅቷስ? እናትየዋስ? ፈቃዱን አውጥቼ ስንት ቀን ነው የምጠብቅዎት!»

«እኔ መኪና ልሞክር ነው የመጣሁት። ወረቀቱ የሚለው ይህንኑ ነው፤ አንብበው።»

አላነበበውም። በሁለት እጁ የመኪናዋን ጣሪያ ያዘ። «ይሄ ወረቀት እኮ ሁለተኛ አይሰጥም» አለኝ በመጨረሻ። «ሞተሩ ካልተከፈተ አይጽፉትም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ያደርጉታል አሁን?»

«ተሞክራለች፤ እመለሳለሁ።»

«ምሳ ሰዓት ነው፤ እንግዳ ደግሞ ነዎት» አለኝ። «ግን እጄ አይታዘዘኝም፤ ይማሩኝ።» ብሎኝ ገባ። በእንግድነት ከሄድሁበት ደጃፍ ሳልቀምስ የተመለስሁበት ቀን በዕድሜዬ ያ ብቻ ነው።

ቤቴ ስደርስ ታቢታ ከቱላ ተመልሳ በግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። የእኛ የአዋሳ አፈር አመድማ አሸዋ መሆኑን ታውቃለህ፤ መኪናዋ ግን እስከ መስኮቷ ቀልታ ነበር የገባችው። ታቢታ እርጥብ ልብስ በእጇ እንደያዘች ቀረበችና በጣቷ የበሩን አቧራ ነካች።

«አባባ፣ ይሄ የዲላ አፈር ነው።»

«ነው።»

«ዕቃው መጥቷል ማለት ነው?»

«መጥቷል፤ ተገጥሟል፤ ተሞክሯልም።»

«ወረቀቱስ?»

«አገልግሎቱን ጨርሷል።»

ትጮኻለች፣ ፊቷን ትነጫለች ብዬ ጠብቄ ነበር። የያዘችውን ልብስ አጥፋ በትከሻዋ ላይ አደረገችው። «ለምን?» አለችኝ ብቻ።

«ባልሽ ጣሏት ስላለ። እኔ የምጥላት ዕቃ የለኝም።»

በዚያ ቃሉን እየመረጠ በሚሄድ አማርኛዋ፣ «ሙሴ ሞቷል አባባ» አለችኝ። «ብርቅዬ አልሞተችም።»

«የልጄን ስም በአፍሽ እንዳትጠሪ!» አልኋት።

በዚህ መካከል ብርቅዬ እየሮጠች መጥታ የኋላውን በር ከፍታ ገባች፤ ወንበሩ ላይ እየዘለለች፣ እንደ ልማዷ ሳሏ እያቋረጣት፣ «አባባ፣ እኔንስ መቼ ነው የሚወስዱኝ?» አለች። ስታድጊ አልኋት። እናቷ ከወንበሩ አንሥታ አወረደቻት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ልጅቷ ወደ መኪናዋ ስትጠጋ ዐይቼ አላውቅም። ምሳዬና እራቴ ግን ሳይጓደል ይቀርብልኝ ነበር።

ጥር ፳፩ ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ ቅዳሴ ቆሜ ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ምሳዬ በገበታው ላይ ተከድኖ፣ ለእጄም ውሃ ተቀድቶ ነበር። የብርቅዬ ጫማ ከበሩ ሥር የለም። የሙክታር የጭነት መኪና እስከ ሞያሌ የሚያደርሰውን ጆንያ ጭኖ በአዋሳ በኩል ወደ ዲላ ያለፈው በዚያው ጠዋት መሆኑን የነገረኝ ኩማ ነው። ሚስትህ እኔን አማቷን እንኳ ሳትሰናበት፣ ባሏ ያስተማራትን አድርጋ ሄደች።

ሾፌሩ ጠሀ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ግባ ብለው እምቢ ብሎ በራፉ ላይ ቆመ፤ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ የነገረኝን፣ አንድ ቃል ሳልጨምር፣ እንዳለው እጽፍልሃለሁ።

«ከጆንያው መሐል ቦታ ሠርተን በሸራ ሸፈንናቸው፣ ጋሼ። ዲላ ኬላ ስንደርስ የዚያን ቀን ፍተሻው ሌላ ነበር። ብረት ይዘው ጆንያውን ይወጋሉ። ወዲያው ልጅቷን ሳል ጀመራት። እኔ ሞተሩን አላጠፋሁም፤ እንዳይሰሙ ቤንዚን ሰጠሁት፣ ደጋግሜ ሰጠሁት። እናትየዋ በነጠላዋ አፏን ያዘቻት።»

«እሺ።»

«ያዘቻት፣ ጋሼ። ወታደሮቹ ብዙ ቆዩ። እስኪሄዱ ያዘቻት።»

«ከዚያስ?»

«አለፍን። ከከተማው ወጥቼ ጫካው ጋ አቆምሁና ሸራውን ገለጥሁት። ትውረድ፣ ውሃ ትጠጣ፣ አየር ታግኝ አልኋት። ‹ንዳ› አለችኝ። እህቴ ልጅቷን ልያት አልኋት። ‹ንዳ› አለችኝ።»

«ተኝታ ነው።»

«ፊቷን አላሳየችኝም፣ ጋሼ።»

«ሌሊት ሙሉ ያልተኛች ልጅ በመኪና ላይ ትተኛለች። ተኝታ ነው አልሁህ!»

ኮፍያውን አየው። «እሺ፣ ጋሼ» አለኝ። «ተኝታ ነው።»

በማግሥቱ ቀትር ላይ ሞያሌ ደረሱ። እናቷ አዝላት ወረደች፤ ራሷን በነጠላ ሸፍናታለች፤ እግሮቿ ከእናቷ ጭን በታች ወርደው ይወዛወዙ ነበር ይላል ጠሀ። ማንም ሳያስቆማቸው፣ እሷም ዞራ ሳታይ፣ ልጅቷንም አንድ ጊዜ እንኳ መሬት ሳታስረግጣት ወደ ማዶ ተሻገረች። ጠሀ ያየው እዚህ ድረስ ነው።

እኔ በዳኝነት ዘመኔ ሁሉ፣ ምስክር በዐይኑ ባላየው ነገር አንድም ሰው ላይ ፈርጄ አላውቅም። ጠሀ የልጅቷን ፊት አላየም። ያላየውን ደግሞ አልተናገረም። ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ በሙቀትና በመንገድ ብዛት ደክማ በእናቷ ጀርባ ላይ ስትተኛ፣ ሳሏም በእንቅልፍ ጋብ ሲልላት በዚሁ ቤት ስንት ጊዜ በገዛ ዐይኔ ዐይቻለሁ። ስለዚህ የሚያጠራጥር ነገር የለም፤ አንተም አትጠራጠር።

መኪናዋ ደኅና ናት። የላክኸው ቺንጋ እጅግ መልካም ነው።

እኔ ለአንተ የምመርቀው ምርቃት ከወንድምህ ጋር ተቀብሯል፤ የቀረኝ የልጅቷ ብቻ ነውና እሷን እመርቃታለሁ። የይስሐቅን አንገት ከስለት የመለሰ አምላክ ደረቷን ያጽናላት፤ በሄደችበት አገር አየሩ ይስማማት፤ ዕድሜዋን ከእኔ ላይ ቀንሶ ይጨምርላት።

ከናይሮቢም ሆነ ካሉበት ስፍራ ወደ አንተ ሲደርሱ አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። ፊደል ያስቆጠርኋት እኔ ነኝ፤ ስሟን መጻፍ ታውቃለች። በማናቸውም ቁራጭ ወረቀት ላይ «ብርቅዬ» ብላ ትጻፍና በሰው እጅ ላክልኝ። ሌላ ቃል አትጨምርበት፤ የአንተንም የእናቷንም ጽሕፈት አልፈልግም። የስሟን የመጨረሻ ፊደል ወደ ግራ አዙራ ነው የምትጽፋት፤ ብገሥጻትም እሺ ብላኝ አታውቅም። እናቷ እጇን እንዳትይዝላት። አንተም በእሷ ፈንታ እንዳትጽፍልኝ፤ አውቀዋለሁ።

የሙሴ አባት፣ የአንተም፣
ኃይለሚካኤል